ባንድ ጠብታ የተፈረደበት

የእንቅልፍ በሽታ በሚጠናበት የምርምር ጣቢያ ውስጥ «የዝንብ ቀዶ ሐኪም» የሚሏት ሴት ነበረች። ሥራዋ በሽታውን የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ሆድ በመርፌ መክፈትና የበሽታውን ተውሳክ በማይክሮስኮፕ መፈለግ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ እጇም ዓይኗም ፈጣን ነው። ተውሳኩ ያለበት ዝንብ ደግሞ ገበናውን አይደብቅም። ሆዱ ሲከፈት ተውሳኩ ይርመሰመሳል፤ አንዴ ማየት ይበቃል።

ዝንቦቹን የሚያመጣላት ታላቅ ወንድሟ ነበር። ወንዝ ዳር ሰማያዊ የጨርቅ ወጥመድ ይሰቅላል፣ ጠዋት ጠዋት የተያዘውን ለቅሞ ያመጣል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ሰውየው እንቅልፋም ሆነ። አንድ ቀን ወጥመዱ ሥር ተጋድሞ ተገኘ፤ ሌላ ቀን ማንኪያውን እንደያዘ አንቀላፋ። ሚስቱ «ሌሊቱን እንደ ጅብ ሲዞር እያደረ ቀን ይዘረራል» እያለች ታማዋለች። ጣቢያው በሙሉ ሳቀበት። እህትየውም ስቃለች።

በመጨረሻ ኃላፊው «ደሙ ይታይ። ከታመመ ይታከም፣ ካልታመመ ይሰናበት» አለ። እሷም ከጣቱ አንድ ጠብታ ወስዳ፣ ልክ እንደ ዝንብ ሆድ ባንድ እይታ ጨረሰችውና መዝገቡ ላይ «ነጻ» ብላ ጻፈች። አርባ ዝንብ ይጠብቃት ነበር። ወንድሟ በሳምንቱ ተሰናበተ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከሁለት ወር በኋላ ልትጠይቀው ቤቱ ብትሄድ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጥሎታል። ትራስ ልታደርግለት ማጅራቱን ስትደግፍ ጣቷ ባቄላ የሚያህል እብጠት ላይ አረፈ። ከጎኑ ሌላም አለ፤ የእንቅልፍ በሽታ ምልክት ነው። ሰው ዝንብ አይደለም፤ በሰው ደም ውስጥ ተውሳኩ ጥቂት ነው፣ ባንድ ጠብታ ላይ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች ስታስተምር የኖረችው ራሷ ነች። አፈረች፤ ፈራችም።

«ጋሼ፣ ተነስ። ጣቢያ እንሂድ።»

«አባረውኝ የለም እንዴ እታለም? ምን ልሠራ?»

የጣቢያው ነርስ ከእብጠቱ ትንሽ ፈሳሽ ቀዳ። እሷ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች፤ አሁን አልቸኮለችም። ሁለተኛው መስታወት ላይ አንዲት ቀጭን ነገር ሕዋሳቱን እየገፋች ስትሽሎከሎክ አየች። መዝገቡን አወጣች፣ የድሮውን «ነጻ» ሰረዘችና ከጎኑ «ስህተቱ የኔ ነው» ብላ ፈረመች።

ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፦ በሽታው እንዳለበት፣ አንጎሉ ሳይደርስ እንዳልቀረ፣ መድኃኒት ግን እንዳለው፣ ቀድማ ልታየው ስትችል በችኮላ እንዳለፈችው። ቁጣውን ጠበቀች። እሱ ዓይኖቹን በግድ ገለጠ።

«ሰነፍ አይደለሁማ?»

«አይደለህም፣ ጋሼ።»

«በይ ለሚስቴ አንቺው ንገሪልኝ» አለ። «እኔ ከነገርኳት መሃሉ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል።»