ከክንፏ በላይ

አናጢው ታላቅ እህቱ ግቢ የገባው በአንድ እጁ ሻንጣ ይዞ፣ ከኋላው ዶሮ የሞላበት ጋሪ አስከትሎ ነበር። መጋዙ ሦስት ጣት የወሰደበት እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። እህቱ ምንም ሳትጠይቅ ሳሎን ያለውን ሶፋ አነጠፈችለት። ዶሮዎቹን ግን ዞር ዞር ብላ ካየች በኋላ፣ ዶሮ ናቸው ወይስ ጥጃ ስትል ጠየቀችው።

የእሷ ዶሮዎች ድንክ ናቸው። ላባቸው እስከ እግራቸው ይወርዳል፤ ቁመታቸው ከውሃ ጆግ አይበልጥም። የዶሮ ቤቱ አንድ ስለሆነ ሁሉም አብረው ገቡ። ትልልቆቹ በመጀመሪያው ቀን ገበታውን ከበው ድንኮቹን አናት አናታቸውን እያሉ አባረሩ። አናጢው ማንም እንዲበደል አይወድም። አንድ ሣጥን ደፍቶ ድንክ ብቻ የሚያሾልክ ቀዳዳ አበጀለትና የእነሱን ጥሬ እዚያ ውስጥ ማድረግ ጀመረ። ቆጡንም ከፍና ዝቅ አድርጎ ሠራው። ድንኮቹ በረው ላይኛውን ያዙ፤ ሌሊቱን ሙሉም ኩሳቸውን በትልልቆቹ ጀርባ ላይ ያወርዱት ጀመር። እህቱ፣ እነዚህስ ቂማቸውን የት እንደሚወጡ ያውቃሉ ብላ ሳቀች።

በዚያው ሰሞን ሶፋው እንደሚያጥረው አይታ፣ ከጫፉ አንድ ጣውላ ጨምርበት ብላው ነበር። ለጥቂት ጊዜ ነው አላት። እውነቱን ነበር፤ ባለወፍጮው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ግቢና ክፍል ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል። ግን ቄቦች ይዞ ከመጣ ነው። ላረጁ ዶሮዎች መጦሪያ የሚሆን ግቢ እንደሌለው አስረግጦ ነግሮታል። የአናጢው ዶሮዎች ደግሞ አርጅተዋል። በአንድ እጅ መጋዝ አይገፋም፤ ከእህቱ ሳሎን የሚያስወጣው የእነሱ ጫጩት ብቻ ነው።

ይህን ሲያስብ የጎረቤት ውሻ በአጥር ሾልኮ ኮሎኔልን ገደለው። ኮሎኔል ትልቁ አውራ ዶሮ ነበር፤ ሌላ ትልቅ አውራ የለውም። ድንኩ አውራ ባዶውን ቦታ ሊሸፍን ቢሞክርም ትልልቆቹ ጀርባ ላይ ይወጣል፣ ይንሸራተታል፣ ይወድቃል።

«መሰላል ሥራለት እንጂ» አለችው እህቱ። «አናጢ አይደለህ?»

በዚያ ሳምንት ከትልልቆቹ የተገኘው እንቁላል አሥራ ሁለት ነበር። የኮሎኔል ዘር ያለው በእነዚያ ውስጥ ነው፤ ከእነዚያ ወዲያ የለም። ትልልቆቹ ጥለው የሚሄዱ እንጂ የሚታቀፉ አይደሉም። ልታቀፍ ብላ ጥግ ይዛ ላባዋን ነፍታ የተቀመጠችው የእህቱ ድንክ ሚጢጢ ብቻ ነበረች። እህቱ ሚጢጢን አንስታ ክንፏን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ የእነዚህን ዓይነት አምስት ትችላለች፣ ስድስተኛው ሆዷ ሥር አይገባም አለችው።

አናጢው እንቁላሎቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ተቀመጠ። የመረጣቸው አምስቱ ባዶ ቢሆኑስ? ደህናዎቹ የተዋቸው ቢሆኑስ? አንዱን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። በመጨረሻ አንጀቱ አልቆርጥ አለና አሥራ ሁለቱንም ከሥሯ አደረገ። ሚጢጢ ክንፏን እስከቻለችው ዘርግታ ተኛችባቸው። ሁሌ ግን ከአንዱ ጎን ሁለት ሦስቱ ብቅ እንዳሉ ነበር። እሷም በመንቆሯ የውጪዎቹን ወደ ውስጥ፣ የውስጦቹን ወደ ውጪ ታገላብጣለች። ይህን አይቶ በሩን ዘግቶ ወጣ።

ከአምስት ስድስት ቀን በኋላ እህቱ ጥሬ ልትሰጥ ገብታ አየች።

«ስንት ነው ያስታቀፍካት?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት አሉ። ዛሬውኑ ሰባቱን አውጣ።»

«የትኞቹን እትዬ? ደግሞ እያገላበጠች ተራ ትሰጣቸዋለች፤ ሁሉም ይሞቃል።»

«ሁሉም ይሞቃል፣ ሁሉም ይበርዳል» አለችው። «ማሙሽ፣ አምስቱን ለማዳን ሰባቱን መተው ነው። አለዚያ አንድም አይተርፍህ።»

ማሙሽ የምትለው ስታዝንለት ነው። ራሷ ልታወጣቸው ትችል ነበር፤ ግን ሥራውም የተከራየው ቤትም ካመለጡት ወዲህ የሚወስነው ነገር ይህ ብቻ እንደቀረው ታውቃለች። ጥሬዋን ሰጥታ ወጣች።

አናጢው ባትሪ ይዞ ወደ ጨለማው ዕቃ ቤት ገባና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በብርሃን አየ። ባዶ ቢያገኝ ይቀልለት ነበር። የመጀመሪያው ውስጥ እንደ ሥር የተሰራጨ ቀይ ክር አለ። ሁለተኛውም አለው። ሦስተኛው ውስጥ አንድ ነጥብ ትርገበገባለች። ባዶ ሆኖ የተገኘው አንዱ ብቻ ነው። እሱን ጣለና እህቱን የታዘዘ መሰለው። የቀሩትን አሥራ አንድ መልሶ አስታቀፋት።

ከዚያ ዝናብ ያዘ፣ ብርዱም በረታ። ሚጢጢ አንዳንዴ ለመብላት ስትነሳ ወደ ባለቀዳዳው ሣጥን ሳትደርስ የአናጢው ትልልቆች አናቷን እየጠቀጠቁ ይመልሷታል። ጥሬ በእጁ ይዞ ቢያቀርብላትም ዓይኗ እንቁላሎቹ ላይ ነው፤ ሁለት ሦስቴ ለቅማ ትመለሳለች። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒዋ ነጣ።

የመፈልፈያው ቀን ደረሰ፣ አለፈ። አናጢው ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ከእንቁላሎቹ አንዳች ድምፅ የለም። ትንሽ እንታገስ ሲላት እህቱ ታገሰችው፤ ደግሞ ሲላት ደግማ ታገሰችው። በኋላ ሽታው ሲመጣ እንቁላሎቹን በሳፋ ይዛ ከግቢው ጥግ ሄደች። እሱም ተከተላት።

የመጀመሪያው ሲሰበር ውስጡ ላባ ያበቀለ ጫጩት ነበር፤ መንቆሩ ሁሉ አለው። ሁለተኛው ከዚያ ያነሰ፣ ሦስተኛው ከጥፍር የማይበልጥ። እያንዳንዱ ብርዱ በደረሰበት ቀን ቆሞ ቀርቷል። እህቱ የቀሩትን ሳትሰብር ቀበረቻቸው። እንዲህ ብዬህ አልነበር የሚል ቃል አልወጣትም። ብትለው ይሻለው ነበር።

ሲመለሱ ሚጢጢ ባዶው ጭድ ላይ ክንፏን እንደዘረጋች ተኝታ ነበር። አናጢው አንስቶ ውጪ አወጣት። ክብደት የላትም፤ የያዘው ላባ ብቻ ይመስላል። መሬት ሲያስቀምጣት ተመልሳ ገብታ ጭዱ ላይ ተኛች። እንደገና አወጣት፤ እንደገና ገባች።

«ተዋት» አለችው እህቱ። «ሲደክማት ትተወዋለች።»

«ለባለወፍጮው ምን እለዋለሁ?»

እህቱ ሳፋውን ቧንቧው ሥር አለቀለቀች፣ ደፋችው። ቀና ሳትል፣ «ከዶሮ ቤቱ የተረፈ ጣውላ አለ አይደል?» አለችው።

አለ አላት።

ሲመሽ ሳሎን ገብቶ የሶፋውን ጫፍ ለካ። በደህና እጁ መዶሻውን፣ በሌላኛው በቀሩት ሁለት ጣቶች ምስማሩን ይዞ ጣውላውን መታ። ጋደም ብሎ እግሩን ዘረጋ። ልክ ነበር።