የፍሬን ሠሪው ሌላ ስም

ፍሬን ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና በሰላም እንዲቆም ሲያደርግ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የገዛ ጉዳዩ መንገድ ላይ ተገትሮ ቀረ። ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄዶ ቢጠይቅ "የአገልግሎት ዘመንዎ አይሞላም" አሉት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሒሳቡ ውስጥ የሉም። እነሱ ካልተቆጠሩ ደግሞ ወርኃዊ አበል የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ጊዜ ቁራጭ ገንዘብ ያስጨብጡትና በደህና ግባ ነው።

ለራሱ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ እርግፍ አድርጎ በተወው። ወርኃዊ አበል ግን ባል ሲሞት ለሚስት ይተላለፋል። ሚስቱ ደግሞ በልብስ ስፌት ስትጎብጥ ኖራ፣ አሁን ዓይኗ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እምቢ ብሏታል። እሱ ቀድሞ ከሄደ ምን ይውጣታል? ሐሳቡ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ አላለም። ፊቱን ፈትቶ የማያውቅ፣ ፍቅሩን በሆዱ ይዞ የሚዞር ሰው ነው፤ "እወድሻለሁ" ከሚል ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ ቢነቅሉት ይመርጣል። "መብቴ ነው!" ይላትና ኮቱን አጥልቆ ይወጣል።

"የጉልበትህንስ መብት ማን ያስከብርለት?" ትለዋለች ከኋላው።

ዓመታቱ የት እንደገቡ እሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። ይሠራበት በነበረው ጋራዥ ማንም ማንንም በስሙ አይጠራም ነበር። ነፍሱን ይማረውና የድሮው አለቃ ራሱ የሠራተኛውን ስም ስለማያውቅ፣ የደመወዙን ዝርዝር በቅጽል ስም ይሞላዋል። ገንዘብ ያዡም ሁሉንም በመልክ ስለሚያውቅ ይከፍላል። "ሰምበሌጥ"፣ "ዱላው"፣ "ቅዝዝ" እየተባሉ ደመወዝ ተቀበሉ፤ የጡረታ መዋጮም ተቆረጠባቸው። ኋላ አዲስ አለቃ መጥቶ "ምን ዓይነት ጉድ ነው!" ብሎ አስተካከለው እንጂ እነሱስ ተመችቷቸው ነበር። ስለዚህ ዓመታቱ በሌላ ስም ቁጭ ብለዋል። ያ ስም ግን ሚስቱ ፊት የሚነሳ አልነበረም።

ጉዳዩን የያዘችው የጡረታ ሠራተኛ ልጅ እግር ብትሆንም ትዕግሥተኛ ናት። "ስሙ የእርስዎ መሆኑን አብረዎት የሠሩ ሁለት ሰዎች ያስረዱልኝ" አለችው። ከድሮ የጋራዥ ባልደረቦቹ በያጁንና ቀለም ቀቢውን ለምስክርነት ቀጠራቸው። በቀጠሮው ዋዜማ ግን ጉልበቱ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ወሬ የሰማ ይመስል አብጦ አደረ፤ ሚስቱም "ብቻህን አትሄድም" ብላ ክንዱን ያዘች።

"አንቺ እዚሁ ታች ጠብቂኝ" አላት በሩ ላይ ሲደርሱ።

"ምነው፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ሌላ ሚስት አለችህ እንዴ?"

ተያይዘው ወጡ።

ገና በሩን ሲከፍቱ በያጁ ከአግዳሚው ላይ ዘሎ ተነሳ። "ሙሽራው!" ብሎ ጮኸ። ፍሬን ሠሪው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ማነው ሙሽራው?" አለች ሚስቱ።

"እሱ ነዋ!"

ሠራተኛዋ ብዕሯን አነሳች። "ጥሩ። የአባባን ሙሉ ስም ይንገሩኝ።"

በያጁ ቀለም ቀቢውን አየ። ቀለም ቀቢው ጣሪያውን አየ።

"እሱን እንግዲህ ልጄ፣ የወለደችውን እናቱን ነበር መጠየቅ" አለ በያጁ።

"ስሙን ሳያውቁ ሊመሰክሩ ነው የመጡት?"

"ሰውዬውን እናውቀዋለን እኮ!"

ብዕሯን መልሳ አስቀመጠች። "ታዲያ ሙሽራው የተባሉት እሳቸው መሆናቸውን በምን ልመን? ለምንስ ተባሉ?"

"ይቅርባችሁ፣ ተዉት" አለ ፍሬን ሠሪው።

"አንተ ዝም በል! ጡረታህን ልናስከብር ነው" አለና ቀለም ቀቢው ወንበሩን ሳብ አደረገ። "ይኸውልሽ ልጄ፣ ሥራ ሲያልቅ እኛ አንድ ሁለት ልንል ወደ መጠጥ ቤት ነን። እሱ ቧንቧው ሥር ነው። ግሪሱን በናፍጣ ያስለቅቃል፣ በሳሙና ይደግመዋል፣ ጥፍሩን ሳይቀር በሽቦ ይፈገፍጋል። ከዚያ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ እብስ! 'ወዴት ነው?' ስንለው 'ቤት' ይላል። በየቀኑ! ሰው በየቀኑ ያገባል እንዴ? ልጅ ከወለዱም በኋላ ያው ነው። ሙሽራው ያልነው ለዚህ ነው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጋራዡ በሙሉ የሚያውቀውን ሚስቲቱ ገና ዛሬ ሰማች። ከጓደኞቹ ጋር የማይቀመጠው ለሳንቲሙ ሲሳሳ ይመስላት ነበር። ንጹሑንም ሸሚዝ የሥራ ቦታው ደንብ ነው ብላ ስትተኩስለት ኖራለች። ለጎረቤት ሳይቀር "ባሌ ቋጣሪ ነው" ብላ አምታዋለች። እሱም ይህንኑ በገዛ ጆሮው ሰምቶ ዝም ብሏል፤ እውነቱን ከመናገር ቋጣሪ መባል ቀሎት ነበር። አሁን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ሠራተኛዋ የጻፈችውን አነበበች። "'ሥራ እንደጨረሱ ታጥበውና ለብሰው ወደ ባለቤታቸው ይሄዱ ስለነበር ሙሽራው ይባሉ እንደነበር…' ትክክል ነው አባባ?"

"ትክክል ነው" አለ ድምፁ ከጫማው ሥር እየመጣ። ፈረመም። ፍቅሩን በፊርማ ያጸደቀ ባል እንግዲህ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

"በቃ፣ ዓመታቱ ይደመራሉ፤ ወርኃዊ አበል ያገኛሉ" አለች። "ያን ደጋግመው የጠየቁኝንም አጣርቻለሁ። እርስዎ ሲያርፉ ግማሹ ለእማማ ይቀጥላል።"

ሚስቱ ምስክሮቹን አመስግና፣ ክንዱን ይዛ ወጣች። የደረጃው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"መብቴ ነው፣ መብቴ ነው ስትል የከረምከው ይህንን ነው?"

"ዓይንሽ ደከመ እኮ" አላት። "ቀድሜሽ የሄድኩ እንደሆነ… አንቺን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው?"

ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ኮሌታውን አስተካከለችለትና ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

"ግማሹን ለራሳቸው ያድርጉት" አለችው። "እኔ ሙሉውን ነው የምፈልገው። በየወሩ አብረን እየመጣን ሙሉውን እንቀበላለን፤ ሰማህ? በል አሁን ቀስ ብለህ ውረድ።"