የወንዳወቅ ሙሾ

«እና ምን ብዬ ላልቅስለት?» አለች አልቃሿ ደጅይጥኑ፣ የንፍሮውን ሰፌድ ወደ ጉልበቷ ሳብ አድርጋ። «ገበሬ ቢሆን በበሬው፣ ነጋዴ ቢሆን በበቅሎው አነሳዋለሁ። ያንቺን ልጅ በምን ላንሳው? ዛፍ ሲያይ ኖሮ ሞተ ልበል?»

ጥሩሐረግ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ አፏን ሸፍና ተቀምጣለች። የልጇ ሰልስት ነው። ወንዳወቅን የአበርገሌ ቆላ ንዳድ ድንገት ቀጠፈውና ቀብሩ በጥድፊያ ሆነ፤ በወጉ የተለቀሰለት አልነበረም። ዛሬ ዘመዱ ሁሉ፣ የጋዝጊብላውም ሳይቀር ደርሷል። ሙሾው አሁን ይወርዳል። ሰቆጣ ላይ ደግሞ ደጅይጥኑ በኽምጣኛም በአማርኛም ሥራውን ሳታነሳለት የተሸኘ ሰው፣ እርቃኑን እንደ ሄደ ነው የሚቆጠረው።

ደጅይጥኑ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «እነዚያን አየሻቸው? ከኒሯቅ የመጡትን? ከአባቱ ጋር ዕጣን ሲለቅሙ የኖሩ ናቸው። ልጁን ባወድሰው ‹የአባቱን እንጀራ የረገጠውን ታወድሳለች› ይሉኛል። ዝም ብል አንቺ ትቀየሚኛለሽ። እስቲ አንቺው ፍረጂ።»

እውነቷን ነው። አባቱ ዕድሜውን የጨረሰው በዕጣን ዛፍ ነው። በጋ ሲገባ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ቅርፊቱን በስለት ይልጣል፣ ከቁስሉ የወጣውን ይለቅማል። ልጁ በዚያ ለበሰ፣ በዚያ ተማረ፣ ዶክተር ተባለ። ከዚያ አንድ ፋሲካ መጣና ገና ሳይፈስክ፣ «አባዬ፣ አብዝተው ያቆሰሉት ዛፍ ዘሩ ባዶ ነው። ዘርቼ አየሁት፣ አይበቅልም። ጥቂት ዓመት ይረፍ» አለ።

አባቱ የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አኖረ። «የበላኸው ከቁስሉ ነው። አሁን ስትጠግብ እጄን ልትይዝ መጣህ?»

ያን ቀን የተለየ ማዕድ አልገጠመም። ሽማግሌ እንላክ ሲባል፣ ክረምቱ ይውጣ ሲባል፣ አባት ቀድሞ ሞተ። ወንዳወቅ ግን በየዓመቱ ይመጣል፤ እናቱን ጉንጯን ይስምና ቁልቁል ወደዚያው ቆላ ነው። እሷም በር ላይ ቆማ የመኪናውን አቧራ እያየች፣ «ልጅ ወልጄ ለዛፍ ዳርሁት» ትል ነበር። ዛሬ ያ አቧራ እንኳ ናፈቃት።

ከጎኗ ምስራቅ የምትባል ወጣት ተቀምጣለች፤ የወንዳወቅ ተማሪ የነበረች፣ ኋላም አብራው የሠራች። ከዩኒቨርሲቲው ድረስ መጥታ ሦስቱንም ቀን ከዚች እናት አልተለየችም።

«አንቺ ልጅ» አለቻት ደጅይጥኑ፣ «አንቺ ታውቂያለሽ። ሥራው ምን ነበር?»

«ይመራመርና ይጽፍ ነበር፣ እማማ። የዕጣን ዛፍ ለምን ልጅ እንደማይተካ። ሌሎች ሊቃውንት ስለዛፉ ሲጽፉ ‹ይህን ያረጋገጠ እሱ ነው› ብለው ይጠቅሱታል። የእኛ ሙያ ሰው የሚመዘነው በዚያ ነው፤ ስንት ሰው ጠቀሰው ተብሎ። እሱን የጠቀሱት ጽሑፎች ከሺህ አልፈዋል።»

«ያን ያህል ሰው ካነሳው፣ ለቀብሩ አንዱ እንዴት ጠፋ?»

ምስራቅ ፈገግ ልትል አለችና ተወችው። «መልኩን አያውቁትማ። የህንድ አለ፣ የሱዳን አለ። የሚያውቁት የጻፈውን ነው። ስሙንም ቢሆን…»

«ስሙን ምን?» አለች ጥሩሐረግ። ከጠዋት ጀምሮ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ወንዳወቅ ብሎ የሚጠቅሰው የለም፣ እማማ። በውጭዎቹ ደንብ ሰው የሚጠቀሰው በመጨረሻ ስሙ ነው፤ የእኛ ደግሞ መጨረሻው የአባት ስም ነው። ስለዚህ ሁሉም የሚጽፉት በአባቱ ነው። ‹አጥናፉ እንዳለው ዛፉ ማረፍ አለበት› እያሉ።»

የደጅይጥኑ እጅ ንፍሮው ውስጥ ቀረ። «ያ ሲልጥ የኖረው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ተሳስታችኋል አይላቸውም?»

«ጠይቄው ነበር። አንዳንዶቻችን በራሳችን ስም እንድንጠቀስ እናስተካክላለን፤ አንተስ ብለው ሳቀ። ‹ተዪው፣ አባቴ ይቅደም› አለኝ።»

ጥሩሐረግ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። በአንድ ማዕድ መቀመጥ ያቃታቸው ሁለቱ፣ እሷ በማታውቀው አገር፣ ማንበብ በማትችለው ፊደል፣ አንድ ሰው ሆነው ሲኖሩ ነበር። ምነው ያ ሰውዬ አንዴ ሰምቶት በሞተ። ምነው ልጁ ይህን ለእሷ እንኳ በነገራት። ነግሯት ቢሆን፣ ማታ ማታ ብቻዋን ስትቀመጥ ለባዶው የባሏ መደብ ትነግረው ነበር።

ውጭ ሰዉ ቆሟል። የኒሯቆቹም በትራቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ደጅይጥኑ ተነስታ ወገቧን በነጠላዋ ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

«እንግዲህ ለሁለቱም አለቅሳለሁ። ግን በማን ስም ልጥራው?»

በዚያ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ጥሩሐረግም ከተዳረች ጀምሮ ስትለው የኖረችው «አንቱ» ነው፤ ልጅ ከመጣ ወዲህ ደግሞ «የልጄ አባት»። አፈር ሲለብስ እንኳ ሌላ አላለችውም።

ነጠላዋን ከአፏ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደች።

«አጥናፉ በይው» አለች።