«ደህና ናት» መልስ አይደለም

ሰገነት ቄሱን ከክፍሏ አስወጣቻቸው። ላሊበላ ላይ አንዲት ነርስ ቄስ አስወጣች ቢባል ማን ያምናል? እሷ ግን አስወጣቻቸው።

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ሚስታቸውን ወይዘሮ ይማርሽን ለልብ ድካም ክትትላቸው ይዘው መጥተው ነበር። ሰገነት ከዩኒቨርሲቲ ይዛው የመጣችውን መጠይቅ ዘርግታ፣ «እማማ ይማርሽ፣ በዚህ ወር ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ብላ ስትጠይቅ ቄሱ ቀደሙ።

«ደህና ናት፣ ይመስገነው።»

«ሲተኙስ?»

«ደህና ናት አልኩሽ እኮ።»

ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። ያበጠው እግራቸው ከጫማው ተርፎ ይታያል።

«አባ፣ ይባርኩኝና ውጭ ይጠብቁን» አለች ሰገነት።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን። የታመሙት እሳቸው ናቸው።»

ቄሱ እያጉረመረሙ ሲወጡ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አረጋ ገባ። የይማርሽን ኪኒን በየቀጠሮው ሲጨምር ከርሟል፤ ዛሬ ካልተሻላቸው ደሴ ሆስፒታል ሊልካቸው ወስኗል። ደሴ ሲባል ሴትዮዋ ፊታቸው ይጠቁራል። እህታቸው ደሴ ሄዳ በሬሳ ሣጥን ነው የተመለሰችው።

«ወረቀትሽን ተይውና ሪፈሩን ጻፊ» አለ አረጋ። «በአዲሱ የሥራ ሂደት ለአንድ ሰው ይህን ያህል ጊዜ አልተፈቀደም።»

ሰገነት ዞር ብላም አላየችው። «እማማ፣ በዚህ ወር ከምንም በላይ ያስቸገረዎት ምንድን ነው?»

ይማርሽ በሩን አዩ። ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «ልንገርሽ? ይኼው የእናንተ ኪኒን!»

«እንዴት?»

«ጠዋት ዋጪ ትሉኛላችሁ። ውኃ ቀምሼ ልቁረብ? እሺ፣ ዋጥሁት እንበል። ቅዳሴ መሀል ሽንቴ ሲያጣድፈኝ ያንን የዓለት ደረጃ ልሩጠው? የቄስ ሚስት፣ ቅዳሴ አቋርጣ? ሕዝቡ ምን ይለኛል?»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ቅዳሴ ባለበት ቀን አልውጠውማ።»

«አሁን እኮ ሁዳዴ ነው፤ ቅዳሴ በየቀኑ ነው።»

«በየቀኑ አልውጠውማ!»

አረጋ ጭንቅላቱን ያዘ። «በቃ፣ እስኪሻልዎ ቤተ ክርስቲያን ይቅርብዎ።»

«ይቅርብኝ?» ይማርሽ የወንበሩን ጠርዝ ተደግፈው ተነሡ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ቢልም ድምፃቸው አልቀነሰም። «አንተ ልጅ፣ ደሴም ላከኝ፣ መቃብርም ላከኝ፤ ቅዳሴዬን አልተውም!»

«ማንም አያስተውዎትም» አለች ሰገነት። «ቅዳሴ ወጥቶ ቤትዎ ሲገቡ ቢውጡትስ?»

«ጠዋት ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁ?»

«እኛ ነን። ተሳስተናል።»

አረጋ የሪፈሩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ገፋላት። «ጻፊ ብያለሁ።»

«አልጽፍም። ያልተዋጠ መድኃኒት አልሠራም ብዬ ሰው ደሴ አልልክም። ገና ሳይጨመር በታዘዘላቸው ልክ መጀመሪያ በትክክል ይውሰዱት፤ በሳምንቱ አያቸዋለሁ።»

«ግምገማ ላይ ትጠየቂበታለሽ!»

«ልጠየቅ። ግን ያን ቀን አንተም ሳትጠይቅ ስለጨመርከው ኪኒን ትመልሳለህ።»

ካርዱን ሳበች። የመድኃኒቱ ሰዓት በሚሞላበት ቦታ «ከቅዳሴ በኋላ» ብላ ጻፈች።

«ይኼ ሰዓት ነው?» አለ አረጋ። «በሕክምና እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?»

«ተጻፈ እኮ» አለችው። በግምገማው ዕለት ፈላጊ እንዳይቸገር ከሥሩ ሙሉ ስሟን በትልልቁ ጻፈችበት።