ቀይ ከፋይ የለበሱ የልጆች መቀመጫዎች

«አብሽሪ እህቴ» አለኝ ሀይረዲን፣ መቀሱን አስቀምጦ። «ማን ነው ያረፈው?»

ቃሊቲ ካለው የስፖንጅ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ነበር። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ «ብዙ ሰው የሚቀመጥባቸው ትናንሽ ስፖንጆች እፈልጋለሁ፣ ለእሑድ።» ድምፄ በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ነው። ያን ቀን ደግሞ ጥቁር ሹራብ ለብሼ ጥቁር ሻርፕ አድርጌ ነበር። ለለቅሶ ቤት የመጣሁ መስሎታል።

ማንም እንዳልሞተ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ «አላህ ያጽናሽ፤ ለሐዘን በዋጋ አልከራከርም» ብሎ ወደ ውስጥ ገባና ፍራሽ ያወርድ ጀመር። ጀርባውን ሰጥቶ ሲለፋ ማቋረጡ ከበደኝ። አንዱን አውርዶ ሁለተኛውን ሲስብ ነው እንደምንም «ለቲያትር ነው» ያልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «ቲያትር ሞተ?»

«አልሞተም። ልጆች ተቀምጠውበት እንዲያዩ ነው።»

ፍራሹን ተደግፎ ሳቀ። «እንደ ሐዘንተኛ እያወራሽ እኔ ምን ላድርግ!»

የምሠራው በሰፈራችን አዳራሽ ነው። የተመረቅኩት በቲያትር ቢሆንም የተቀጠርኩት ትኬት ለመሸጥና ተመልካች ለማስቀመጥ ነው። እሑድ ጠዋት የልጆች ቲያትር እንዲኖር ለምኜ ያስጀመርኩት ግን እኔ ነኝ። ከገላን ኮንዶሚኒየም ልጆች ተሰባስበው፣ አንዱ የአንዱን እጅ ይዞ ይመጣሉ። ችግሩ አዳራሹ ለአዋቂ የተሠራ መሆኑ ነው። ወለሉ ሜዳ ነው፤ መድረኩ ከፍ ያለ ነው። ከፊት የተቀመጠ ልጅ የመድረኩን ጠርዝ ያያል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ የሰው ማጅራት። እናቶች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ከዚያ ልጆቻቸውን ማስቀረት ጀመሩ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ካሳሁን ቢሮ ጠርተው ቁርጡን ነገሩኝ። «ሶሊያና፣ የፊታችን እሑድ ልጆቹ በደንብ ካላዩ፣ እሑድ ጠዋቱን ለሰርግ አከራየዋለሁ። ጠያቂ እንደሆነ አለ።»

«እሺ» ብዬ ወጣሁ። ከሳምንቱ ውስጥ የኔ የምለው ያ ጠዋት ብቻ ነበር።

ሀይረዲን ነገሩ ሲገባው ቀልድ ተወ። «የሚቀመጥበት ሰው ሳይኖርማ መቀመጫ አይቆረጥም» አለና ከሰዓት በኋላ የአምስት ዓመት ልጁን ሐጀራን ይዞ አዳራሹ መጣ።

መጀመሪያ የሞከርነው ለስላሳውን ስፖንጅ ነበር። ሐጀራ ሰመጠችበት፤ ከፊቷ ካለው ወንበር በላይ የታየው ግንባሯ ብቻ ነው። ቀጥሎ በሌዘር የተለበጠ ደረቅ ስፖንጅ አመጣ። ቁመቱ ጥሩ ነበር፤ ግን ያንሸራትታል። ወንበሮቻችን ሰው ሲነሳ ወደ ላይ የሚታጠፉ ዓይነት ናቸው። ሐጀራ ወደ ኋላ ስትንሸራተት ወንበሩ ታጠፈባት። ከውጭ የቀረው ጫማዋ ብቻ ነበር።

«አባዬ! በላኝ!»

«ልጄን ላስበላት ነው የመጣሁት» አለ ሀይረዲን እየጎተተ እያወጣት።

ስፖንጁን ከፊት በኩል ወፈር አድርጎ እንዲቆርጠው ነገርኩት፤ ወንበሩ እንዳይታጠፍ ክብደቱ ወደ ፊት እንዲያርፍ። እንዳያንሸራትት ደግሞ ጨርቁ ሸካራ ወይም ፀጉራም መሆን ነበረበት። ሱቁ ውስጥ ካሉት ጨርቆች ከሰርግ ዲኮር የተረፈ ቀይ ከፋይ አገኘሁ፤ ዳር ዳሩን ወርቃማ ጥለት ነበረው። «ይሄ ይሁን» አልኩ። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ሐጀራ ተቀመጠችበት፤ ተወዛወዘች፤ ዘለለችበት። ወንበሩም አልታጠፈም፣ ስፖንጁም አልተንሸራተተም።

«አየሁ! ሁሉንም አየሁ!»

«ምን አየሽ?» አልኳት።

መድረኩን በጥንቃቄ ተመለከተች። «አቧራ።»

እሑድ ጠዋት ቀያዮቹን መቀመጫዎች ከፊት ባሉት ሦስት ረድፎች ላይ ደረደርኳቸው። አቶ ካሳሁን ዝግጅቱን መርቀው እንዲከፍቱ የእድር ሽማግሌዎችን ጋብዘው ስለነበር፣ ለእነሱ በግራ በኩል ጥግ ላይ ተራ ወንበሮች አዘጋጀሁ። ማንንም የማይጋርዱበት ቦታ ነበር። ልጆቹ ገብተው ከፋዩን እየዳሰሱ ተቀመጡ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ከፊት ከፊት የባቡር ጡረተኛው ጋሽ ወልደገብርኤል ነበሩ። ልጆቹ አዋቂ ሲገባ መነሳት ቤታቸው የተማሩት ነው፤ ሁሉም ብድግ አሉ። ሽማግሌዎቹ ጥግ ላይ ያሉትን ባዶ ወንበሮች አዩ፤ ከዚያ ቀይ ከፋይ የለበሱትን፣ ባለ ወርቅ ጥለቶቹን፣ ከሌላው ሁሉ ከፍ ያሉትን አዩ። «ተባረኩ፣ እደጉ» እያሉ ልጆቹ በለቀቁላቸው ቦታ ተቀመጡ። ልጆቹም ሳያጉረመርሙ ወደ ኋላ ሄዱ።

አንዱ ኮፍያቸውን እንኳ አላወለቁም። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ቤኪ የሚባል ትንሽ ልጅ ሲናገር ሰማሁት፤ «ቲያትሩ ኮፍያ ነው እንዴ?»

አቶ ካሳሁን አጠገቤ ቆመው ሰዓታቸውን አዩ። «በይ አስነሻቸው።»

«እኔ?»

«እኔማ እንዴት አድርጌ! ጋሽ ወልደገብርኤል እኮ ሽማግሌ ሆነው ሚስቴን የለመኑልኝ ሰው ናቸው።»

ተዋንያኑ ለብሰው ጨርሰዋል። ወረድኩና ጋሽ ወልደገብርኤል አጠገብ በርከክ አልኩ። ምርቃት ፈልጌ የመጣሁ መስሏቸው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«ተባረኪ ልጄ። ጥሩ ባል ይስጥሽ፣ ወልደሽ ሳሚ።»

«አሜን» አልኩ፤ ምን ልበል? ከዚያ ቀስ ብዬ ስለ መቀመጫው ነገርኳቸው።

«ምን አልሽ?»

ደገምኩላቸው።

«ጮክ በይ እንጂ! ይሄ ጆሮ ዕድሜ ልኩን የባቡር ጡሩምባ ሲሰማ የኖረ ነው።»

«ጋሼ፣ መቀመጫው የልጆች ነው!»

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። የኋላዎቹ ልጆች እንኳ ወደ እኔ አንገታቸውን አሰገጉ። ፊቴ ከከፋዩ በላይ ቀልቶ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

ጋሽ ወልደገብርኤል የተቀመጡበትን ዳሰስ አደረጉ። «የልጆች? እኔ ደግሞ ሰፈሩ በመጨረሻ አከበረን ብዬ!»

«ታዲያ ከፋይ አልብሳችሁ፣ ጥለት አድርጋችሁ፣ ምን እናስብ?» አሉ ጫፍ ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ አደሴ። «ሌላው ወንበር እኮ ከዚህ ጋር ሲተያይ የጥበቃ ነው የሚመስለው።»

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ጋሽ ወልደገብርኤል ናቸው፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ጉልበቴን ይዤ እንደተንበረከኩ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ፤ ማን እንደሰማኝ አላውቅም።

«ተነሱ፣ ልጆች ይዩ» ብለው ጋሽ ወልደገብርኤል ከዘራቸውን ይዘው ቆሙ። ዞር ብለው ስፖንጁን አነሱና ብብታቸው ውስጥ ወሸቁት። «ይሄ ግን ከወገቤ ጋር ታርቋል። ከሱ ጋር ነው የምሄደው።» የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሄደው አመቻችተው ተቀመጡበት። ሌሎቹም ስፖንጃቸውን ለልጆቹ ትተው ተከተሏቸው። ወይዘሮ አደሴ ብቻ አልተነሱም።

«እኔ ቁመቴ ከልጆቹ አይበልጥም፤ ማንን እጋርዳለሁ?»

እውነታቸውን ነበር። ተውኳቸው። ልጆቹ እየተንጫጩ ወደ ቀያዮቹ መቀመጫዎች ተመለሱ፤ መጋረጃውም ተከፈተ።

የዕለቱ ተውኔት ዳገት አልወጣም ስላለች አህያ ነበር። አህያዋ መድረኩ መሃል ቁጭ ስትል ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ የሚታያቸው ብቻ ይስቁ ነበር፤ ሌሎቹ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይሉ ነበር። በዚያ ቀን «ምን ሆነ» ያለ አልነበረም። ሳቁ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ላይ ነው የመጣው።

አቶ ካሳሁን መጋረጃው አጠገብ ቆመው ቆዩ። መድረኩን አላዩም፤ የሚያዩት ልጆቹን ነበር። አህያዋ በመጨረሻ ዳገቱን ስትወጣ ቤኪ መቀመጫው ላይ ቆሞ አጨበጨበ፤ አንድ ሁለት ልጆችም እሱን አይተው ቆሙ። «ቁጭ በሉ» ልል አሰብኩና ተውኩት።

ሲያልቅ ጋሽ ወልደገብርኤል ስፖንጃቸውን በብብታቸው እንደያዙ በበሩ ወጡ። አቶ ካሳሁንም እኔም እያየን አሳለፍናቸው።

በማግስቱ አቶ ካሳሁን ለሰርግ አዳራሹን ለጠየቁት ሰዎች ደውለው እሑድ ጠዋት እንደተያዘ ነገሯቸው፤ እኔም የሚቀጥለውን እሑድ የልጆች ትኬት መሸጥ ጀመርኩ።