የተጫነው መንዙማ

የእናቴ ጆሮ የደከመው ቀስ በቀስ ነው፤ መቼ እንደጀመራት ማናችንም ልብ አላልንም። ጎንደር አራዳ ገበያ ጨርቅ ቤት አለን። መጀመሪያ ላይ ደንበኛ ሲጠይቃት «ምን አልክ ልጄ?» ትል ነበር። በኋላ ግን ወደ ግምት ገባች። ሰውየው ጥቁር ይጠይቃታል፣ እሷ አረንጓዴ ታወርድለታለች። እሱ ሲስቅ እሷም ቀልድ የተናገረ መስሏት አብራው ትስቃለች። እኔ ያቺን ሳቋን ማየት አልችልም። ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» አሉን፣ በቃ።

እህቴ መርዋ ያኔ ከጅዳ የተላከላት ኤምፒ ስሪ ማጫወቻ ነበረቻት፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል። አንድ ቀን እንዲሁ ለጨዋታ ኢርፎኑን እናቴ ጆሮ ውስጥ ከተተችና ድምፁን እስከ መጨረሻ ለቀቀችው። እናቴ ብድግ!

«ቢስሚላህ! ማነው እሱ?»

«ሬዲዮ ነው፣ እማ!»

«ውስጤ ገብቶ እኮ ነው የሚያወራው!» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ከዚያ ዘፈን አላማራትም፣ ዜና አላማራትም። የአያን መንዙማ አለች። አያ የምትለው ታላቅ ወንድሟን ነው፣ አይከል ከተማ የሚኖሩትን አጎታችንን ሸህ ዐብዱረሕማንን። እሷ አግብታ ጎንደር ከገባች በኋላ አጎቴ ከሸሃቸው የተቀበሉት አንድ መንዙማ አለ፣ ሳትሰማው ስለቀረች ሁሌ የሚቆጫት እሱ ነው። ደረሶቻቸው፣ እግራቸው ስር የሚቀሩት ልጆች ማለቴ ነው፣ እንዳይረሱት ቀድተው ኢንተርኔት ላይ አድርገውታል። ከላዩ ግን «ሸሁ ፊት ተቀምጦ ፈቃድ ያልተቀበለ እንዳያወርድ» የሚል ጽፈውበታል። ልብ በሉ፣ ቁልፍ የለውም። የፈለገ ሰው ተጭኖ ማውረድ ይችላል።

«አስፈቅጂና ጫኚልኝ» አለቻት እናቴ። «ያልተፈቀደ እኔ ጆሮ አይገባም።»

አጎቴ ስልክ የላቸውም። የአንዱ ደረሳቸው ስልክ ደግሞ ቢሉት ቢሠሩት ዝግ ነው። እናቴ ደግሞ በየማታው «ምን አለ?» እያለች መርዋን በዓይኗ ትከተላታለች። በመጨረሻ መርዋ ኢንተርኔት ቤት ሄደች፣ እዚያ ቀርፋፋ ኮምፒውተር ላይ ስትጠብቅ ዋለች፣ አውርዳ ጭና መጣች።

«ፈቀደ?»

«ፈቀደ፣ እማ!» አለች መርዋ፣ አንገቷንም እየነቀነቀች።

ጓዳ ጠብቄ «ምነው ዋሸሻት?» አልኳት።

«አንተ ዝም በል! ለገዛ እህቱ እምቢ ሊል ነው?»

እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። ኤምፒ ስሪዋን በኢርፎኑ ገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጨርቅ ትለካለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ክንዱ የሚባለው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን «እማማ ዐዚዛ፣ ዲጄ ሆኑ እኮ!» ይላታል። ምን እንዳለ እንኳ አትጠይቀውም። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

አንድ ጠዋት ግን ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። «አይከል ልሄድ ነው። አያ ለማንም ያላደረገውን ነው ያደረገልኝ፣ ሳልቀመጥ በሩቁ ፈቀደልኝ። ሄጄ ላመስግነው።»

መርዋ ፊቷ አመድ መሰለ። «መንገዱ ይጎዳሻል፣ እማ!» ብትል ማን ይሰማታል። ሦስታችንም ተሳፈርን።

አጎቴ መደቡ ላይ፣ የበግ ቆዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ተሳሳሙ። እናቴ ኤምፒ ስሪዋን አውጥታ አሳየቻቸው። «አላህ ይስጥህ አያ! ፈቅደህልኝ ይኸው ጠዋት ማታ ታናግረኛለህ።»

አጎቴ ወደ መርዋ ዞሩ። «የምን ፈቃድ?»

«አጎቴ… ስልክ አልገባ አለኝ…»

ቢቆጡ ይሻል ነበር፤ አልተቆጡም። «ልጄ፣ የኔ ብቻ ቢሆን ምን ከልክሎኝ? እኔም ከሸሄ ፊት ተቀምጬ ሰምቼ ነው የተቀበልኩት። ኢጃዛ ማለት እሱ ነው። ሰሚው በአፉ ሰማሁ ሲል ነው የሱ የሚሆነው።»

«እሷ እኮ በዚህ ብቻ ነው የምትሰማው!» አለች መርዋ።

«እሱማ ማኪና ነው። ማኪና ምን ኢጃዛ አለው?»

እናቴ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ታያለች። የገባት ይመስለኛል። አጎቴ እጇን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧት። «ነይ የኔ ሸጋ፣ እኔው ልበልልሽ።»

አፋቸውን ጆሮዋ ላይ ደቅነው ጀመሩ። የአንገታቸው ሥር ተገትሯል፣ ድምፃቸው ይሰነጠቃል፣ ያነሡታል፣ ደግሞ ይሰነጠቃል። ከውጭ ሰው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሉላት። ሲጨርሱ ላብ በላብ ሆነው ፊቷን ወደ ራሳቸው አዞሩና ከንፈራቸውን እንድታይ አድርገው ጠየቋት።

«ሰማሽ?»

መርዋ ከኋላቸው ሆና አንገቷን ትነቀንቃለች። አዎ በይ፣ አዎ በይ! አንዲት ቃል እኮ ናት። አጎቴም ያቺን ቃል ይጠብቃሉ፣ ዓይናቸው ይለምናታል።

እናቴ መርዋን ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ወንድሟ ተመለሰች።

«አልሰማሁም፣ አያ። ትንፋሽህ ብቻ ነው የሞቀኝ።»

አጎቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት።

ስንመለስ፣ መኪናው ገና ከአይከል ሳይወጣ፣ እናቴ ኤምፒ ስሪዋን ከነገመዷ ከአንገቷ አውጥታ ለመርዋ ሰጠቻት። «መንዙማውን ከውስጧ አጥፊው።»

መርዋ በሁለት እጇ ለመነቻት።

«እያየሁ አጥፊው።»

አጠፋችው። እናቴ የኤምፒ ስሪዋ መስታወት እስኪጨልም ድረስ አየችና ወደ መስኮቱ ዞረች። መርዋ እስከ ጎንደር ድረስ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ተሳፋሪው ሁሉ እየዞረ ያያታል። እናቴ ግን ፊቷ ወደ ውጭ ስለነበር አላወቀችም።