የአያልነህ አሥራ አንድ ከብት

በ1957 ዓ.ም. ክረምት ወረታ ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ ከልብሴ ሁሉ የሚከብድ አንድ የሂሳብ አያያዝ መጽሐፍ ተሸክሜ ነበር። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቴን ስጨርስ በሌላው ሁሉ አልፌ በሂሳብ አያያዝ ወደቅሁ። ህንዱ መምህራችን ሆደ ቡቡ ነበሩና አንድ ዕድል ሰጡኝ። የምታውቀውን የአንድ ቤት ሀብትና ዕዳ በትክክል መዝግበህ መስከረም ላይ ካመጣህ ታልፋለህ፣ ካላመጣህ ግን ትሰናበታለህ አሉኝ። እኔም የአባቴን ቤት መረጥሁ።

ሀብት በግራ ይጻፋል፤ ዕዳና የባለቤቱ ድርሻ በቀኝ። ሁለቱ እኩል ካልመጡ ተሳስተሃል። ትምህርቱ ሲጠቀለል ይኸው ነው። ዓመቱን ሙሉ ያልገባኝ መጽሐፉ ዓይቼው ስለማላውቀው ፋብሪካና መርከብ ስለሚያወራ ነው እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። የአገሬ የፎገራ ከብት ቢሆን ኖሮ ማን ይቀድመኝ ነበር!

ቤት ስደርስ አባቴ አያልነህ ግንባሬን ሳሙኝና የራሳቸውን በርጩማ ለቀውልኝ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ረብ ወንዝ አብሮኝ የዋኘው ጓደኛዬ ያየህ እንኳ ሊጠይቀኝ መጥቶ «እንደምን ሰነበቱ?» አለኝ። ተው እንጂ ስለው አፍሮ ሣቀ፣ ግን አልተወም። አዲስ አበባ ሳለሁ ወረታ የት እንደሆነች የሚያውቅ አጥቼ ከረምሁ፤ እዚህ ደግሞ አንቱ ተባልሁ። የምቀመጥበት እንጂ የምገባበት ቦታ አልነበረኝም።

ሜዳው በውኃ ስለተዋጠ ከብቶቹ ከፍ ወዳለው ሣር ተሻግረዋል። በእኛ አገር ከብት አይቆጠርም፤ ዓይን ይስባል ይባላል። ስለዚህ ደብተሬን ይዤ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቄ ቆጠርሁ። አሥራ አንድ ናቸው። በግራ መዘገብኋቸው። ዕዳ የለም፤ በቀኝ ሁሉም የባለቤቱ የአያልነህ ድርሻ ነው። ግራና ቀኙ እኩል መጣ! በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ያልገጠመልኝ ሂሳብ ሲገጥም እንባዬ ሊመጣ ነበር።

የነሐሴ ማርያም ማኅበር ተረኛ አባቴ ነበሩ። ጠላው እንደተቀዳ ተነሡና፣ «ይኸ ልጅ ምን እንደሚማር ትጠይቁኝ የለ? አንብብላቸው እስቲ፤ ይስሙህ» አሉ።

ቆምሁና አነበብሁ። ቤቱን፣ ማረሻውን፣ ጎተራውን ዘረዘርሁ። «ከብት፣ አሥራ አንድ፤ የአያልነህ» ስል ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የደብራችን መርጌታ ወልደ ሥላሴ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ቁጥሩን ጮኼ በመናገሬ ነው ብዬ ደነገጥሁ።

ከይፋግ የመጡት አቶ ደሳለው ዋንጫቸውን አስቀመጡና፣ «ልክ ነው። አያልነህ ለፍቶ ያፈራው ነው። እደግ!» አሉኝ። ሌሎቹም ተከትለው መረቁኝ። አባቴ ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

በማግሥቱ የከብቶቹን መልክና ምልክት ልጽፍ ሄድሁ። የእኛ ምልክት የግራ ጆሮ ስንጥቅ ነው፤ የቀኝ ጆሮ ጫፉ የተቆረጠ ደግሞ የደሳለው። የባላገር ልጅ ከብት ሲያይ አስቀድሞ የሚያየው ጆሮውን ነው። እኔ ጀርባ ቆጥሬ ሄድሁ። አሁን አንድ በአንድ አየሁ፤ የአሥራ አንዱም ቀኝ ጆሮ ተቆርጧል።

የርቢ ከብቶች ነበሩ፤ ባለቤቱ ሌላ፣ የሚያረባው ሌላ። አባቴ ወተቱን ይጠጣሉ፤ ከሚወለደውም ድርሻ አላቸው፣ ድርሻቸው ግን ገና በላሞቹ ሆድ ነበር።

አባቴ ከኋላዬ መጥተው ቆመዋል።

«የእኛዎቹስ?» አልኋቸው።

«ጎንደር አራት ዓመት ስትማር የበላኸው ምን ይመስልሃል? የመጨረሻዋ አምና ለኮትህና ለአውቶቡስህ ሄደች።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትመለስ ነበራ።»

«ሰው ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ?»

እኔ ነበርሁ የማላውቀው። አገር ሙሉ እንደ እንግዳ አባብሎኝ ኖሯል። አቶ ደሳለው እንኳ በገዛ ከብታቸው መረቁኝ። አባቴን ያዋረድኋቸው እኔ ሆኜ ሳለ አንድም ሰው አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ በወደድሁ። ለራሳቸው ልጅ ቢሆን ይቆጡ ነበር።

«ወረቀቱን አስተካክለዋለሁ» አልሁ።

አባቴ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። «እንዳትነካው! እንደጻፍኸው ውሰደው። እዚያ እንኳ ባለከብት ልሁን እንጂ።»

መስከረም ላይ ለመምህሬ እንደነበረ ሰጠኋቸው። በቀይ እርሳሳቸው ግራና ቀኙን ደምረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኩል ነው፤ አልፈሃል። ባዶ ዕዳ! አባትህ የተደላደሉ ሰው ናቸው ለካ» አሉኝ።

«አዎ ጌታዬ» አልሁ።

ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ስንት አመጣህ ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። በዚያ ክፍል ውስጥ እውነቱን የምነግረው ሰው አልነበረኝም፤ ፎገራ ላይ ደግሞ የሚነገረው ሰው የለም፣ ሁሉም ያውቀዋል።